ያላነበብነው ግማሽ

ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ ታሪኩን «በዚያች ሌሊት» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ በሌሊት አልወጣሁም። የወጣሁት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግማሽ የጭሮ ከተማ እያየኝ፣ ጫት የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩና ከረዳቱ መሃል ተሰክቼ ነው። ጫት ጨለማን አይጠብቅም። ጠዋት ይቀጠፋል፣ ረፋድ ላይ ይታሰራል፣ ቀትር ላይ ካልተጫነ ይጠወልጋል። እኔም ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ እዚያው እንደተቀመጥኩ የምደርቅ ይመስለኝ ነበር።

ልትሸኘኝ የመጣችው ፈቲያ ብቻ ናት። እናቴ ቤት ሆና ማልቀስን መረጠች። ፈቲያ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠች፣ የአስራ ሁለተኛን ፈተና አብራኝ የወደቀች፣ ከዚያም አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ጎኔ ተቀምጣ ጫት ስታስር የከረመች ጓደኛዬ ናት። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ እሷ ከመስጊዱ ጀርባ፤ ወሬ በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ እንጨርሳለን። ሰናይት ብላ ጠርታኝ አታውቅም፤ «ሰኒ» ነው የምትለኝ።

ያን ቀን በብብቷ ስር መጽሐፉን ይዛ ነበር። ስለ መጽሐፉ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም።

አስራ አንደኛ ክፍል ሆነን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ለውዝ ገዛን። ሻጯ እትዬ ዘሪቱ የጠቀለለችበት ወረቀት ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተቀደደ ገጽ ነበር። ፈቲያ የተጻፈ ነገር ካየች አታልፍም፤ የመድኃኒት ማዘዣ እንኳ ታነባለች። ለውዙን እያኘከች ወረቀቱን ስታይ ቆይታ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች።

«ሰኒ፣ ይሄ ሰውዬ እኛን ያውቀናል።»

«የቱ ሰውዬ?»

«የጻፈው።»

ተመልሰን ሄድን። «እትዬ፣ የቀረው የት አለ?» አልኳት።

«ለውዙ?»

«ወረቀቱ!»

«ኤዲያ! ለውዝ ነው የምሸጠው። ቤተ መጻሕፍት መሰልኳችሁ?»

የሁለት ጥቅል ለውዝ ዋጋ ተቀብላ ሰጠችን። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾች ግን ቀድመው በለውዝ አልቀዋል። ስለዚህ የመጽሐፉን ስም አናውቅም፣ የደራሲውንም አናውቅም። የእንግሊዝኛ መምህራችን አገላብጦ አየውና «የአሜሪካ ነው፣ የድሮ ነው፣ ከታወቁት አንዱ ነው፤ ስሙ አፌ ላይ መጥቶ ጠፋብኝ» አለ። እስከዛሬ አፉ ላይ ነው።

ታሪኩ በሰው እርሻ ላይ ስለሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ነው። ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፣ ይሠራሉ፣ ይሄዳሉ። ሁሉም ብቻውን ነው። ሁሉም ሌላ ሰው እንዳይስቅበት የሚደብቀው አንድ ምኞት አለው። ከመሃላቸው ሁለቱ ብቻ ጓደኛሞች ናቸው፤ ሌሎቹም ይሄን ሲያዩ ግር ይላቸዋል። ሰው ለምን ከሰው ጋር ይሄዳል? ምን ሊጠቀምበት ነው? ሁለቱ ግን የራሳችን የሚሉት ትንሽ ቦታ ቢኖራቸው ሌላ ነገር አይፈልጉም።

አሜሪካ እኮ ነው የምላችሁ! እኛ አሜሪካን የምናውቃት በፎቅና በመኪና ነው። እኔ ባልነበርኩበት ዘመን፣ ጭሮ የምትባል አገር መኖሯን የማያውቅ ሰው፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ እኛ ጫት የምናስርበትን ግቢ እንዴት ጻፈው? የእኛም ግቢ እንደዚያው ነበር። ከመቻራ ይመጣሉ፣ ከበደሳ ይመጣሉ፣ ከአሰቦት ቆላ ይመጣሉ፤ ፌስታላቸውን ጥግ ላይ አድርገው አንድ ወቅት አስረው ይሄዳሉ። ስማቸውን ሳናውቅ የተለየናቸው ስንት ናቸው። አንዷ ስድስት ወር አጠገቤ ተቀምጣ ከሄደች በኋላ ነው ዘፈን እንደምትችል የሰማሁት። ያን መጽሐፍ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ፊት ላይ የተደበቀ ነገር ይታየኝ ጀመር።

ግቢው ከገባን በኋላ በምሳ ሰዓት አንድ ገጽ እናነባለን። ፈቲያ የከበደውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልጋ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። አንድ ሕግ ብቻ ነበረን፦ ማንም ብቻዋን ወደፊት አታነብም።

የራሳችንንም ምኞት ያወጣነው በዚያው ሰሞን ነው። ከአውቶቡስ ተራው በላይ፣ ወደ ዳገቱ፣ ሁለት በር ያለው ቤት። በአንደኛው በር እሷ ልብስ ትሰፋለች፣ በሁለተኛው እኔ ፀጉር እሠራለሁ። መሃል ግድግዳው ላይ መስኮት ይኖራል።

«መስኮት ለምን?» አልኳት መጀመሪያ።

«እየሠራን እንድናወራ ነዋ! አንቺ ዝም ብለሽ መዋል ትችያለሽ?»

አልችልም። እውነቷን ነው።

እንግዲህ የመሄድ ነገር ሲመጣ ስምምነታችን ይሄ ነበር፦ እኔ ቀድሜ ጅቡቲ እገባለሁ፣ እሷ ከአረፋ በዓል በኋላ ትከተለኛለች፣ ሁለት ዓመት ሠርተን ተመልሰን ባለ ሁለት በሩን ቤት እንከፍታለን። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ፈቲያ መጽሐፉን አወጣች፤ ያነበብንበት ድረስ ገለጠች፤ ከዚያ በሁለት እጇ ይዛ ከጥራዙ ላይ ለሁለት ቀደደችው።

«አበድሽ?» ብዬ ጮህኩ።

«አቦ ዝም በይ! ያነበብነው ግማሽ ያንቺ ነው፤ ምኞታችን እንዳይጠፋብሽ። ያላነበብነው የኔ ነው። ይዤው እመጣለሁ፣ እዚያው አብረን እንጨርሰዋለን።»

«ብቻሽን ብታነቢውስ?»

«ወላሂ አላነበውም።»

ረዳቱ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ጫቱ!» አለ። ሄድን።

ሂርናን፣ ቁልቢን፣ የደንገጎን ቁልቁለት አልፈን ድሬዳዋ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ከዚያ ወዲህ ለብሼው አላውቅም። ከድሬዳዋ በአውቶቡስ ደወሌ ድንበር ደረስኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ መታወቂያዬን እያየ ጠየቀኝ።

«ጅቡቲ ምን ልታደርጊ ነው?»

«አክስቴን ልጠይቅ።»

«ምን ሆነች?»

«ታማለች።»

«ከኋላሽ የተሰለፉት ሰባቱም ልጆች አክስታቸው ታማለች። እዚያ አገር ደህና አክስት የለም?»

«ለዚህ እኮ ነው ብዙ ሆነን የምንሄደው፣ ጌታዬ።»

እየሳቀ ማኅተሙን መታልኝ። ለአጭር ጊዜ የምታስገባ ወረቀት ናት። ጊዜዋ ካለፈ ቆየ፤ እኔ ግን እዚሁ ነኝ።

አሁን ስለ ባሕሩ ልንገራችሁ። ጅቡቲ ከተማ ጫፍ ላይ በማለዳ ነው ያወረዱን። ከቤቶቹ ማዶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆነ ነገር እስከ ሰማዩ ድረስ ተኝቷል። ጭሮ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት ከተራሮቹ መሃል ሸለቆውን የሚሞላው ጉም መሰለኝ። ፀሐይ ስትበረታ እስኪገለጥና ከስር ያለው አገር እስኪታየኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። አልተገለጠም። አንዲት ሶማሌ ሴትዮ «ምን ትጠብቂያለሽ?» በሚመስል የእጅ ምልክት ስትጠይቀኝ ነው ቀስ ብዬ የገባኝ፤ ከስር አገር የለም፣ ያ ሁሉ ውሃ ነው። ፈቲያ ሳታየው እኔ ብቻዬን ማየቴ የሰረቅኩት ያህል ከበደኝ።

ሥራ ያገኘሁት ጫት ሻጭ ከሆነችው ከማማ ሐዋ ጋር ነው። አማርኛዋ የድሬዳዋ ነው፤ ቤትም የምታከራየኝ እሷው ናት። ክፍሉን ስታሳየኝ አራት ቆርቆሮና አንድ በር ነው።

«ማማ ሐዋ፣ መስኮት የለውም እንዴ?»

«መስኮት ምን ያደርግልሻል? ሙቀቱ ያለው ውጭ ነው። ልታስገቢው ነው?»

«አየር ለማግኘት...»

«ከምሲን ሲነፍስ ታገኚዋለሽ። በሩን ይዞት ይገባል።»

እውነትም ከምሲን የሚሉት ነፋስ ሲመጣ በሩን ገንጥሎ፣ ግማሹን በረሃ አልጋዬ ላይ አፍስሶ ሄደ። ውሃው ጨው ጨው ይላል። ዳቦው እንደ ዱላ የረዘመ ነው፤ ባጌት ይሉታል፤ ጠዋት ሲበሉት ነፍስ ነው፣ ማታ ሲበሉት ዱላ ነው። ዓሣውን ከነዓይኑ ያቀርቡልሻል፤ እያየሽው ያይሻል። ለማሽላ እንጀራ በሁልበት፣ ከአብሽ ለተመታው ለዚያ መራራ አረንጓዴ አረፋ፣ ስንት ቀን ምራቄን ዋጥኩ።

ግን ስሙኝ፣ ቀትር ላይ የሚሆነውን ማየት ነው። ከተማው ሁሉ ይቆማል። ወንዶቹ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ሾፌሩ መሪውን ይዞ አንገቱን ያሰግጋል። ከዚያ ጥሩምባ ይሰማል፣ ትናንት የተጫነው ጫት ገባ ማለት ነው፣ ሁሉም ይሮጣል። እኔ እርጥብ ጆንያ ይዤ ጠረጴዛው ጋ ቆሜ አፌን ከፍቼ ነበር። እኛ ጭሮ ጭቃ ላይ ተቀምጠን፣ ጀርባችንን እያመመን ያሰርነው ነገር ነው ይሄን ሁሉ ሰው የሚያንቀሳቅሰው። አንዳችንም አናውቅም ነበር።

አረፋ አለፈ። ፈቲያ «ትንሽ ታገሺኝ፣ ሰኒ፣ ኢንሻአላህ» ትላለች በስልክ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሁለተኛ ፍራሽ አነጠፍኩ። ማማ ሐዋ ለሁለት ሰው ታስከፍለኛለች ብዬ ቀን ቀን እጠቀልለው ነበር።

አንድ ቀን እስሮቹን ከጆንያ እያወጣሁ ውሃ ስረጭ እጄ ቆመ። እያንዳንዷ አሳሪ ቋጠሮዋ ፊርማዋ ነው። ፈቲያ ግራኝ ናት፤ የእሷ ማሰሪያ ልጥ ከሁላችን በተቃራኒ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ይሸጎጣል። ከስንትና ስንት እስር መሃል እሷ ያሰረችው እጄ ላይ ነው! ጮህኩ መሰለኝ፤ ማማ ሐዋ «እባብ አለ?» አለች። ስፈታው በመጠቅለያው ቅጠልና በጫቱ መሃል ተጣጥፎ እርጥብ ወረቀት ወጣ። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ።

ወረቀቱን ግንባሬ ላይ አደረግኩት። እየሳቅኩ ማማ ሐዋን አቀፍኳት። ያቺ ልጅ ድንበር፣ ፍተሻ፣ በረሃ ሳይመልሳት በጫት ውስጥ ደረሰችልኝ ብዬ ያን ቀን መሬት አልረገጥኩም።

ከሰዓት፣ ሰዉ ጫቱን ይዞ ወደየጥላው ሲገባ፣ ገጹን ድንጋይ ላይ ዘርግቼ አደረቅኩት። ያኔ ነው ዳር ዳሩ ላይ የእርሳስ ጽሑፏን ያየሁት። የከበዱት ቃላት ተተርጉመዋል። ብቻዋን አንብባዋለች።

ተቀመጥኩ። እንደኔ ያለች ችኩል እንኳ ቀስ ብላ ማሰብ አለባት አንዳንዴ። ይዛ የምትመጣ ሰው ገንጥላ አትልክም። ገጽ በገጽ የምትልክ ሰው እኮ የማትመጣ ሰው ናት።

አልጠየቅኳትም። አፌን መያዝ የማልችል፣ ለድንበር ሹም እንኳ መልስ የማላጣ ልጅ፣ ያን ጥያቄ መጠየቅ ፈራሁ። እስካልጠየቅኳት ድረስ ትመጣለች። ፍራሹንም ማታ ማታ ማንጠፌን፣ ቀን ቀን መጠቅለሌን አልተውኩም።

ገጾቹ መምጣታቸውን ቀጠሉ። ሁሉም ግን አይደርሰኝም፣ ቅደም ተከተልም የላቸውም፤ እስሩ የሚሄደው ወደ ዕድሉ ነው። ሌሎች ሻጮች ጋ እየዞርኩ «እስር ውስጥ ወረቀት አላገኛችሁም?» እላለሁ፤ «ብር ነው?» ይሉኛል፤ «አይ፣ የአሜሪካ ሠራተኞች ናቸው» ስላቸው «ልጅቷን ሙቀቱ መታት» ይላሉ። የቀረው የት እንደገባ እንጃ። አንድ የጅቡቲ ሰው ምርቃናው ላይ ሆኖ ስለ አንድ ብቸኛ ሽማግሌ አንድ ገጽ ብቻ አንብቦ ይሆናል። የደረሰኝን ግን በምሳ ሰዓት አነባለሁ፣ እሷ በጻፈችው እርሳስ እየተመራሁ። እንደገና ያው ግርምት ይይዘኛል። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብቸኝነቱ የሚብሰው ሰው ባለመኖሩ አይደለም። እርሻው በሰው የተሞላ ነው። በየጥላው ስር ሰው ሞልቶ እኔ ግድግዳ እያየሁ ስበላ ነው ይሄ የገባኝ።

በዚህ መሃል ፖሊሶች ወረቀት የሌላቸውን ሲሰበስቡ እኔም ተሰበሰብኩ። ጣቢያ ውስጥ አንድ ድሬዳዋ አክስቱ ቤት ያደገ ፖሊስ ቦርሳዬን ዘረገፈው።

«ይሄ ምንድነው?»

«መጽሐፍ ነው።»

«መጽሐፍ ሽፋን አለው።»

«ሽፋኑ በለውዝ አልቋል።»

«ማን ጻፈው?»

«አላውቅም።»

«መጀመሪያውስ?»

«የለም።»

«መጨረሻውስ?»

«ገና አልደረሰኝም።»

«ከየት ነው የሚደርስሽ?»

«ከጫት ውስጥ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እነዚህ ስማቸው የተጻፈው ሰዎች እነማን ናቸው?»

«የቀን ሠራተኞች ናቸው። አሜሪካ፣ በሰው እርሻ ላይ።»

«ቤት አላቸው?»

«የላቸውም። እንዲኖራቸው ይመኛሉ።»

«አገኙ?»

«መጨረሻው አልደረሰኝም አልኩዎት እኮ!»

ገጾቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። ማማ ሐዋ እየጮኸች ገባች፦ «ልጅቷን ስጡኝ! ጫቴ እየደረቀ ነው!» ለቀቀኝ። አንዷን ገጽ ግን ከመዝገቡ ጋር አያያዛት። ከሳምንታት በኋላ ጫት ሊገዛ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «አገኙ?» አለኝ። አልደረሰኝም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። የያዛት ገጽ ላይ ምን እንዳነበበ ልጠይቀው ቀና ስል ሄዷል።

ከዚያ ገጾቹ ቆሙ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። ቋጠሮዋም ቀረ። እስሩ ሁሉ በቀኝ እጅ የታሰረ ነው። ሰው «ስልክሽ ላይ ፈልጊው፣ አሁኑኑ መጨረሻውን ታውቂዋለሽ» ይለኛል። ባውቀውስ? እኔ ያጣሁት መጨረሻውን ነው እንዴ?

ባለፈው ዓርብ፣ ከምሳ በፊት፣ ባሕሩ ዳር ሄጄ ደወልኩላት። ከኋላዋ መዶሻ ይሰማኛል።

«ሰኒ! ደህና ነሽ? ሙቀቱ እንዴት ነው?»

«ፈቲያ፣ አትመጪም አይደል?»

መዶሻው ሦስት ጊዜ መታ።

«ኒካሕ አስሬያለሁ» አለች። «የበደሳ ልጅ ነው። ጫት ማሰሩንም ትቻለሁ። ጥሩ ሰው ነው፣ ወላሂ። ልነግርሽ ስል፣ ልነግርሽ ስል... ገጽ እልክልሻለሁ። አንድ ገጽ በላክሁ ቁጥር ነገ እነግራታለሁ እላለሁ።»

ልሳደብ ነበር። ስድቡ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። «ጨረስሽው?» ብቻ አልኳት።

«ጨረስኩት። ሁለት ቀን እህል አልበላሁም።»

«እንዴት ሆኑ?»

«በስልክ የሚነገር አይደለም፣ ሰኒ። በጫትም አይላክም። የመጨረሻዎቹን አራት ገጾች አስቀምጫቸዋለሁ። መጥተሽ አጠገቤ ተቀምጠሽ ታነቢያቸዋለሽ።»

«ጊዜዋ ባለፈ ወረቀት? ደግሞ ምን ይዤ?»

«ምንም ሳትይዢ።»

ከዚያ አንድ የወንድ ድምፅ በኦሮምኛ ሲናገር ሰማሁ፤ እሷም አፏን ከስልኩ አርቃ መለሰችለት።

«ማነው?»

«ግንበኛው ነው። ዳገቱ ላይ፣ ከአውቶቡስ ተራው በላይ። ለስፌቱ አንድ ክፍል እየሠሩልኝ ነው። ባለ አንድ በር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መሃል ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ተው አልኩት። መስኮት። ከሱ ማዶ ምን አለ ይለኛል፤ የሰው ባዶ መሬት ነው፣ ቁልቋል ነው ያለው። እዚያ ማዶ ማን አለ ብሎ ይስቅብኛል።»

ባሕሩን አየሁት። እንደዚያን ቀን ጠዋት ነጭ ነበር፤ አሁንም፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ኖሬ፣ ሲገለጥ ከስሩ ጭሮ የምትወጣ ይመስለኛል። ከኋላዬ ጥሩምባ ተሰማ። ጫቱ ገብቷል፣ ማማ ሐዋ እየፈለገችኝ ነው።

«ሰኒ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ሰውዬው ሲሚንቶው ሊደርቅብኝ ነው እያለ ነው። ቀዳዳውን ልድፈነው ወይስ ልተወው ይላል። ምን ልበለው?»